ባቡር፣ ኬላና ግምጃ ቤት፦ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ሕይወትና የመንግሥት ገንዘብ ጥያቄ

የኢትዮጵያን የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ የሚያጠና ተመራማሪ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ሳያነሣ አያልፍም። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት በመጽሐፋቸው ነው፤ ለመንግሥት የሰጡት አገልግሎት ከማዕርጋቸው ስም ባለፈ እምብዛም አይመረመርም። ነጋድራስነት ግን የክብር መጠሪያ ብቻ አልነበረም። ቃሉ በመነሻው የሲራራ ነጋዴዎችን አለቃ የሚያመለክት ሲሆን፣ በምኒልክ ዘመን ቀረጥ የሚሰበስብ፣ የነጋዴዎችን ሙግት የሚዳኝና የገበያውን ሰላም የሚያስጠብቅ የመንግሥት ሹም መጠሪያ ሆኖ ነበር። ስለዚህ በአማርኛ ስለ ቀረጥና ግብር በስፋት ከጻፉት ቀዳሚዎች አንዱ የሆኑት ሰው፣ ቀረጡ በሚቆጠርበት ቦታ ተቀምጠው የሠሩ ሰው ነበሩ። ይህ ጽሑፍ ሕይወታቸውን ከዚህ አቅጣጫ ይመለከታል። የምድር ባቡር ጥያቄ በእሳቸው ዘመን ከሐዲድና ከእንፋሎት ይልቅ የግምጃ ቤት ጥያቄ እንደነበረ፣ እሳቸውም ይህን ከሌሎች ቀድመው እንደተረዱ ያስረዳል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለየ ካልተገለጸ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. ዓድዋ አካባቢ ተወለዱ። ኢጣልያ ምጽዋን የያዘችው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። አባታቸው በዐፄ ዮሐንስ ጦር ውስጥ ያገለገሉ ሲሆን፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በወደቁበት በመተማ ጦርነት ሕይወታቸው አለፈ። በዚያው ሰሞን ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ የሰየመው ረኃብ አገሩን አዳርሶ ነበር። የረኃቡ ዋና መንሥኤ በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር መጣ የሚባለው የከብት በሽታ ነው። ገበሬው በሬውን ሲያጣ እርሻው ቆመ። እህል በተገኘበት አውራጃ እንኳ ትርፉን ወደ ተራበው አውራጃ የሚያደርስ መንገድ አልነበረም፤ የጋማ ከብቱም በበሽታውና በረኃቡ ተመናምኖ ነበር። ገብረ ሕይወት በጎልማሳነታቸው ስለ ድህነት ሲጽፉ ከጦርነትና ከዝርፊያ ጋር ደጋግመው የሚያያይዙት ያለ ምክንያት አይመስልም። የልጅነት ዘመናቸው ሁለቱንም ያሳያቸው ነበር።

አባት የሌለው ሕፃን በሰባት ዓመቱ ገደማ በምጽዋ አቅራቢያ ምንኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባ። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ምጽዋ ወደብ ላይ የቆመ መርከብ ሊጎበኝ ወጥቶ በዚያው ተሳፍሮ ቀረ። መርከቡ አውሮፓ ሲደርስ ካፒቴኑ ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ ሰጠው፤ ቤተሰቡም እንደ ልጅ አሳደገው። ገብረ ሕይወት ጀርመንኛን አጥርተው የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው። በበርሊን ሕክምና መከታተላቸውም ይነገራል። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ከሕክምናው ይልቅ ያደጉበት ዘመንና ቦታ ይበልጣል። የጀርመን ተናጋሪው ዓለም በዚያን ጊዜ ዘግይቶ የተነሣ፣ በባቡርና በፋብሪካ እንግሊዝን ለመድረስ የሚሮጥ፣ ጀማሪ ፋብሪካዎቹንም በጉምሩክ ቀረጥ የሚከልል ዓለም ነበር። ነፃ ንግድ ለሁሉም እኩል ይጠቅማል የሚለው ትምህርት በዚያ አካባቢ ብዙ ተቃዋሚዎች ነበሩት። ገብረ ሕይወት የትኛውን ደራሲ እንዳነበቡ መቁጠሩ ለዚህ ጽሑፍ አስፈላጊ አይደለም። ያደጉበት አየር ይህ መሆኑ በኋላ የጻፉትን ለመረዳት ይበቃል።

ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱት የዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። በጀርመንኛ ችሎታቸው በአስተርጓሚነት ሠሩ፤ በቤተ መንግሥቱም አካባቢ ቦታ አገኙ። ያዩት የመንግሥት ገንዘብ አስተዳደር በአውሮፓ ከሚያውቁት ጋር ፈጽሞ የማይመሳሰል ነበር። ገባሩ የሚከፍለው በአብዛኛው በእህል፣ በማር፣ በከብትና በጉልበት ነበር። ወታደሩ ደመወዝ አይቆረጥለትም፤ ገባር ይመራለታል እንጂ። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ገደማ የአስራት ግብርን የደነገጉት፣ ጎተራ ተሞልቶ ወታደሩ በገበሬው ቤት መሰራቱን እንዲተው ነበር። አሳቡ መልካም ቢሆንም ግብሩ ያው በዓይነት ስለነበረ፣ መንግሥት ከአንዱ ክፍለ አገር የሰበሰበውን እህል በሌላው ክፍለ አገር ላለ ወጪ ሊያውለው አይችልም ነበር። ጎተራ እንደ ገንዘብ ከቦታ ቦታ አይዘዋወርም። የንጉሡ ጓዳና የመንግሥት ግምጃ ቤትም አንድ ነበሩ፤ ለግብር አዳራሽ የሚወጣው ማር፣ ለጠመንጃ መግዣ የሚወጣው ብርና ለመሳፍንት የሚሰጠው ሽልማት ከአንድ ቤት ይወጣ ነበር።

ገንዘቡም ቢሆን የአገሪቱ አልነበረም። በትልቁ ገበያ የሚሠራው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነው። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ገደማ ፓሪስ ላይ የራሳቸውን ብር ቢያስቀርጹም ማርትሬዛውን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም። በትንሹ ገበያ ደግሞ የአሞሌ ጨው ይመነዘር ነበር። ጠገራ ብር ራሱ ከዓደን እንደ ሸቀጥ እየተገዛ ይገባ ስለነበር፣ የቡና ወቅት ሲደርስና ብር ሲፈለግ እጥረቱ ይብሳል፤ በዓለም ገበያ የብር ማዕድን ዋጋ ሲወርድ ወይም ሲወጣም የኢትዮጵያ ነጋዴ ያለ ጥፋቱ ይከስራል ወይም ያለ ድካሙ ያተርፋል። በየአውራጃው መግቢያ ደግሞ ኬላ አለ። ሲራራው ከጅማ ወይም ከወለጋ ተነሥቶ እስኪደርስ ድረስ በየባላባቱና በየሹሙ ደጃፍ እየቆመ ይከፍላል። ይህ ቀረጥ ከማዕከሉ ግምጃ ቤት የሚደርሰው ተቆንጥሮ ተቆንጥሮ ነው።

በእንደዚህ ያለ ግምጃ ቤት ላይ ነው የምድር ባቡሩ የመጣው። ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ለ99 ዓመት የሚጸና የባቡር ውል የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዎን ሼፍኖ ጋር ሆነው ኩባንያ አቋቋሙ፤ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። መንግሥት ሐዲዱን የሚያሠራበት ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ገንዘቡ ከፈረንሳይ ባለ አክሲዮኖችና አበዳሪዎች እንዲመጣ ታሰበ። ወጪው ከተገመተው በላይ እየሆነ ሄደ። ኩባንያው ሲቸገር የእንግሊዝ ባለ ካፒታሎች እጃቸውን አስገቡ። የእንግሊዞች መግባት ያሰጋው የፈረንሳይ መንግሥት ደግሞ በ1894 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር ተዋዋለና በዓመታዊ ድጎማ ለውጥ በመስመሩ ላይ የመቆጣጠር መብት ያዘ። ምኒልክ ይህ ውል በእጅጉ አስከፋቸው፤ የግል ኩባንያ ብለው ውል የሰጡት የሌላ መንግሥት ክንድ ሆኖ አገኙት። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ድሬዳዋ ሲደርስ ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ ኩባንያውም በ1899 ዓ.ም. ከሠረ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነጥብ አለ። ከኢትዮጵያ ባቡር ጀርባ የቆመ የመንግሥት ግምጃ ቤት ነበረ፤ የፓሪስ ግምጃ ቤት ግን ነበረ። መሠረተ ልማት ያለ መንግሥት ገንዘብ ተሠራ የሚባልበት ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በማን መንግሥት ገንዘብ እንደተሠራ ያልተጠየቀበት ጊዜ ነው። በጥር 1900 ዓ.ም. ለሐኪም ቪታሊየን አዲስ ውል ተሰጥቶ መስመሩ ወደ አዲስ አበባ እንዲቀጥል ሲደረግ፣ በዚያው ወር የክሎቡኮቭስኪ ውል ተብሎ የሚታወቀው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የንግድ ስምምነት ተፈረመ። ስምምነቱ ሁለት ከባድ ነገሮችን አጸና። በአንድ በኩል የፈረንሳይ ዜጎች ሙግት በቆንስላቸው እንዲታይ ፈቀደ። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ ከውጭ በሚገባው ሸቀጥ ላይ የምትጥለው ቀረጥ ከዕቃው ዋጋ በመቶ 10 እንዳይበልጥ ወሰነ። ሌሎቹም መንግሥታት ለዜጎቻቸው ይህንኑ ጠየቁ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1898 ዓ.ም.፣ ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክም በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር የተቋቋመና ለ50 ዓመት ብቸኛ መብት የተሰጠው ነበር። እንግዲህ ገብረ ሕይወት አገራቸውን መመልከት ሲጀምሩ ባቡሩ የፈረንሳይ፣ ባንኩ በእንግሊዝ እጅ ያለ፣ ብሩ የኦስትሪያ ነበር፤ የቀረጡ ጣሪያም በውል ታስሮ ነበር።

በምኒልክ ሕመም ዘመን በቤተ መንግሥቱ የተነሣው ሽኩቻ እሳቸውንም አልማራቸውም። አገሩን ለቀው በእንግሊዝ ይዞታ ሥር በነበረችው ሱዳን ቆዩ። ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፋቸው ከዚህ የስደት ጊዜ ጋር የተያያዘ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 አስመራ ላይ በታተመው ብርሃን ይሁን በተሰኘ መድበል ውስጥ ወጣ። ጽሑፉ ከቴዎድሮስ ጀምሮ ያሉትን ነገሥታት በድፍረት ይመዝናል፤ ንጉሥን ማወደስ በለመደው የታሪክ አጻጻፍ ውስጥ ይህ ራሱ አዲስ ነገር ነበር። በመጨረሻው ክፍል የሚያቀርበው የማሻሻያ ሐሳብ ግን ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ ይጠቅማል። የንጉሡ ቤት ሀብት ከመንግሥት ሀብት እንዲለይ፣ ግብሩ አስቀድሞ የታወቀና በገንዘብ የሚከፈል እንዲሆን፣ ጉምሩኩ ሥርዓት እንዲይዝ፣ የአገሩ ገንዘብ አንድ እንዲሆን፣ ጦሩ በአዲስ ሥርዓት ሠልጥኖ ከገበሬው ጫንቃ እንዲወርድ፣ ሕግ እንዲጻፍ፣ ትምህርት ቤት እንዲከፈት ይጠይቃል። አርአያ አድርጎ የሚያቀርበውም ጃፓንን ነው።

እነዚህን ሐሳቦች እንደ ተራ ዝርዝር ማንበብ የተለመደ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ግን ሊጤን ይገባዋል። ወታደሩ ከገበሬው ጫንቃ የሚወርደው ደመወዝ ሲቆረጥለት ነው። ደመወዝ የሚቆረጠው ግምጃ ቤቱ ጥሬ ገንዘብ ሲያገኝ ነው። ግምጃ ቤቱ ጥሬ ገንዘብ የሚያገኘው ገባሩ በገንዘብ ሲገብር ነው። ገባሩ ገንዘብ የሚኖረው ምርቱን ገበያ አውጥቶ መሸጥ ሲችል ነው፤ ለዚህ ደግሞ መንገድ ያስፈልጋል፤ ኬላዎቹም መነሣት አለባቸው። ኬላው ሲነሣ ግን ገቢውን የሚያጣው ያው የጦሩ አለቃ የሆነው መኳንንት ነው። ክቡ እዚህ ላይ ይገጥማል። ከየትኛውም ጫፍ ለመጀመር ቢሞከር ሌላው ጫፍ ይይዛል። በተለምዶ የምኒልክና የተከታዮቻቸው መንግሥት ለለውጥ ፈቃድ አጥቶ ነበር ይባላል። ፈቃድ ቢኖር እንኳ የመጀመሪያው ብር ከየት ይመጣ ነበር የሚለው ጥያቄ የዚያኑ ያህል ከባድ ነው።

መልሱ ያለ ጥርጥር ድሬዳዋ ላይ ነበር። ከተማዋ የባቡሩ ልጅ ናት። ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራሮች ማውጣት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ በቆላው ላይ አዲስ ጣቢያ ተቆረቆረ፤ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሥራው ለዓመታት በመቆሙ ድሬዳዋ ሳይታሰብ የመስመሩ መጨረሻ ሆነች፤ ከባቡር የወረደ ሁሉ እዚያው ወደ ግመልና ወደ በቅሎ ይዛወር ነበር። የግሪክ፣ የአርመን፣ የሕንድና የዓረብ ነጋዴዎች መጋዘን ከፈቱ፤ የአቢሲኒያ ባንክም ቅርንጫፍ አቋቋመ። ቡና፣ ቆዳ፣ ሰምና የዝሆን ጥርስ ይወጣል፤ አቡጀዲድ፣ ብረታ ብረት፣ መጠጥና ጠመንጃ ይገባል። ከመሠረተ ልማት ጥቅሞች አንዱ፣ በኢኮኖሚ ጽሑፎች ብዙም የማይነገርለት፣ እዚህ ይታያል። ቀድሞ በዘይላ፣ በታጁራና በሌሎችም መውጫዎች ተበትኖ ይተላለፍ የነበረ ንግድ ባቡሩ ወደ አንድ በር ሰበሰበው። በአንድ በር የሚያልፍን ሸቀጥ መቁጠር ቀላል ነው፤ ቀረጡም ያለ ባላባት አማካይነት፣ በጥሬ ገንዘብ፣ ለመንግሥት በቀጥታ ሊገባ ይችላል። ከዚህ በላይ የተገለጸው ክብ የሚሰበረው በዚህ በር በኩል ነበር።

ገብረ ሕይወት ከስደት ተመልሰው መጀመሪያ የምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ተሾሙ። የድሬዳዋ ጉምሩክ በመንግሥቱ ውስጥ እጅግ ጠቃሚ ከሆኑት አንዱ ነበር። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። ሲራራ በሳምንታት ይጓዘው የነበረውን መንገድ ባቡሩ በቀን እየሄደ በሌሊት እያደረ በሦስት ቀን ገደማ ያደርስ ጀመር። ዘመኑ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው፤ የመርከብ ጉዞ ታውኳል፤ የብር ማዕድን ዋጋ እየናረ ነው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወርደው በአዲስ አበባ አዲስ አስተዳደር ቆሟል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የጉምሩክ ሹም ሥራ እንደ ሰላሙ ዘመን በመዝገብና በሚዛን ብቻ አይወሰንም።

የነጋድራሱ እጅ ግን ከሁለት በኩል የታሰረ ነበር። ሸቀጡን ያስገባው ነጋዴ የውጭ ዜጋ ሲሆን ክርክሩ ወደ ቆንስል ያመራል። ቀረጡን ከፍ አድርጎ ገቢ ለማሳደግ ወይም አንዱን ሸቀጥ ከሌላው ለይቶ ለማበላለጥም የክሎቡኮቭስኪ ውል አይፈቅድም። አቡጀዲድና የማረሻ ብረት በአንድ የቀረጥ ጣሪያ ሥር ይገባሉ። የአገሩ ሸማኔ በእጁ ፈትሎ በእጁ የሚሠራውን ሸማ የሚወዳደረው ጨርቅና የገበሬውን ድካም የሚያቀልለው መሣሪያ በጉምሩኩ ፊት ልዩነት አልነበራቸውም ማለት ነው። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተሰኘው መጽሐፍ ሲነበብ ይህ ሁኔታ ከዓይን ሊጠፋ አይገባውም። መጽሐፉ ብዙ ጊዜ እንደ ረቂቅ ትምህርት ይጠቀሳል። የሚናገርለት ዓለም ግን የባቡር ጣቢያና የጉምሩክ ግቢ ያለበት ዓለም ነው።

የመጽሐፉ መሠረታዊ ሐሳብ ሀብት የሥራ ውጤት ነው የሚል ነው፤ ሥራን ፍሬያማ የሚያደርገው ደግሞ ዕውቀት ነው። ዕውቀት ያለው ሕዝብ በአንድ ቀን የሚሠራውን ዕውቀት የሌለው በብዙ ቀን ይሠራዋል። ሁለቱ ሲገበያዩ ታዲያ በላይ በላዩ ዕቃ በዕቃ የተለወጠ ይመስላል እንጂ፣ የተለወጠው የብዙ ቀን ድካም በጥቂት ቀን ድካም ነው። ቡናና ቆዳ ሰጥቶ ጨርቅ የሚቀበል ሕዝብ በእያንዳንዱ ግብይት ከጉልበቱ ያስረክባል። ምድር ባቡር ይህን ልውውጥ ያፋጥነዋል እንጂ አይለውጠውም። ሐዲዱ ጥሬ ዕቃውን ለማውጣትና የተሠራውን ዕቃ ለማስገባት ከዋለ፣ የሚጠቀመው በሁለቱም ጫፍ የተዘጋጀው ነጋዴ ነው፤ በገብረ ሕይወት ዘመን ይህ ነጋዴ የውጭ ሰው ነበር። ሸማኔው፣ አንጥረኛውና ቆዳ ፋቂው ከሩቅ አገር ፋብሪካ ጋር በአንድ ገበያ የተገናኙት በባቡሩ ምክንያት ነው፤ ከዚያ በፊት መንገዱ ራሱ፣ በርዝመቱና በውድነቱ፣ እንደ ቀረጥ ሆኖ ይጠብቃቸው ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ ባቡሩን ተቃዋሚ ነበሩ ማለት ግን ስሕተት ነው። ገብረ ሕይወት የሚቃወሙት ያለ ዕውቀትና ያለ ሥርዓት የሚመጣውን ባቡር ነው። ጉምሩክ ለእሳቸው ገንዘብ መሰብሰቢያ ብቻ አይደለም፤ በአገር ውስጥ ሊሠራ የሚችለውን ሥራ የሚጠብቅ አጥርም ጭምር ነው። የመንግሥት ገቢም ወደ ትምህርትና ወደ ሥራ ካልተመለሰ ሕዝቡን ከማድከም በቀር ፋይዳ የለውም። የኋላ ዘመን ተመራማሪዎች ከላቲን አሜሪካ በወጣው የጥገኝነት ትምህርት ቀድመው የተገኙ አድርገው ማየታቸው በዚህ ምክንያት ነው። ንጽጽሩ መሠረት የለውም ባይባልም አንድ ነገር ይሸፍናል። የጥገኝነት ትምህርት ክብደቱን በውጭው ዓለም ላይ ሲጥል፣ ገብረ ሕይወት የድህነትን ምክንያት እኩል በአገር ውስጥ ይፈልጉታል፤ በእርስ በርስ ጦርነት፣ በዝርፊያ፣ ልክ በሌለው ግብርና ሠርቶ የሚበላውን በሚንቅ ልማድ። ጅቡቲ የቆመው መርከብና በገበሬው ቤት የተሰራው ወታደር በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ጎን ለጎን ይከሰሳሉ።

ይህን ያህል ከተባለ በኋላ የመጽሐፉን ጉድለት ማንሣት ተገቢ ነው። ገብረ ሕይወት ዕውቀት የሁሉ ቁልፍ መሆኑን አጥብቀው ሲናገሩ፣ የትምህርት ቤቱን ወጪ ማን በየትኛው ገቢ እንደሚሸፍን አያብራሩም። በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል የገባሩ ሸክም ከመሬት ይዞታው ጋር እንዴት እንደተሳሰረ የሚሰጡት ትኩረትም ከሸክሙ ክብደት ጋር አይመጣጠንም፤ የግብሩ መጠን ቢታወቅም መሬቱ የመልከኛው እስከሆነ ድረስ ገባሩ ትርፍ ለማምረት የሚያነሣሣው ነገር ጥቂት ነበር። ከዚህም በላይ ለውጡን የሚጠብቁት ከላይ፣ ከንጉሡ፣ ነው። ከታች የሚመጣ የነጋዴ ወይም የባለ ሙያ ኃይል በእሳቸው ዘመን ስላልነበረ ይህ ሊገርም አይገባም። ንጉሡ ለምን ብሎ የራሱን ጓዳ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ይለያል የሚለው ጥያቄ ግን መልስ ሳያገኝ ይቀራል።

ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመታቸው ዐረፉ። ሐዲዱ አዲስ አበባ ከደረሰ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር ከሞቱ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ ታተመ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደን ላይ ወጣ። መጽሐፉን በዘመኑ ያነበቡት ጥቂት ቢሆኑም፣ ሐሳቦቹ አንድ በአንድ፣ በሌሎች ሰዎች እጅና በሌላ አስገዳጅነት፣ ወደ ሕግነት መጡ። በ1923 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተዘግቶ በምትኩ የመንግሥት የሆነው የኢትዮጵያ ባንክ ተቋቋመ። ከነፃነት መመለስ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የመሬት ግብር በገንዘብ እንዲከፈል ታወጀ። በ1937 ዓ.ም. አገሪቱ ማርትሬዛን የተካ የራሷን የወረቀት ገንዘብ አወጣች። የክሎቡኮቭስኪ ውል በበኩሉ እስከ ኢጣልያ ወረራ ዋዜማ ጸንቶ ቆየ። ከገብረ ሕይወት በኋላ የድሬዳዋን ጉምሩክ የያዙ ሹማምንትም፣ ቡናው ሲወጣና አቡጀዲዱ ሲገባ፣ በመቶ 10 በተባለው በዚያው ጣሪያ ሥር ሲቆጥሩ ኖሩ።